የፈተና ውጤትን ማንበብ፦ መምህራን ለወላጆች ሊያስረዱት የሚገባ ጉዳይ
(በሀና ማርያም አካባቢ ሁኔታ በምሳሌነት የቀረበ)

መግቢያ

የትምህርት ዘመኑ ተጠናቆ የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች ውጤት በሚገለጽበት ወቅት በየቤቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። ወላጅ ልጁን «ስንት አመጣህ?» ይለዋል፤ ጎረቤት ደግሞ «ስንተኛ ወጣ?» ሲል ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ቢመስሉም የሚፈልጉት መልስ የተለያየ ነው። አንደኛው የልጁን የራሱን ዕውቀት ሲጠይቅ፣ ሁለተኛው ልጁ ከሌሎች አንጻር የቆመበትን ሥፍራ ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ ግን ሁለቱ ተቀላቅለው በአንድ አኃዝ ይመለሳሉ።

ይህ መቀላቀል የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ወላጅ በዚያ አኃዝ ላይ ተመሥርቶ ከበድ ያሉ ውሳኔዎችን ይወስናል። ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥቶ ከገቢው በላይ ወደሚያስከፍል ትምህርት ቤት ያዛውራል፤ ወይም «ትምህርት አልሆነለትም» ብሎ ወደ ሥራ ይልከዋል፤ ሴት ልጅ እንደሆነች ደግሞ ከቤት ሥራ እንድትውል ያደርጋታል። ውሳኔው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። አኃዙ በተሳሳተ መንገድ በመነበቡ ብቻ የሚወሰንበት ጊዜም አለ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውጤትን በትክክል ለማንበብ የሚያስፈልጉትን ጥቂት መሠረታዊ ሐሳቦች ማብራራት ነው። መምህራን በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባዎች ላይ እንዲጠቀሙበት፣ የትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎችም የውጤት መግለጫዎችን በሚያዘጋጁበት ጊዜ ከግምት እንዲያስገቡት ታስቦ ቀርቧል። ለማብራሪያ የተመረጠው አካባቢ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሀና ማርያም ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ የሚገኝ፣ ከኦሮሚያ ክልል ጋር የሚዋሰንና በየጊዜው አዳዲስ ነዋሪዎችን የሚቀበል ሰፈር በመሆኑ የውጤት ንባብ ችግሮች በጉልህ የሚታዩበት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት የተማሪዎችና የትምህርት ቤቶች ምሳሌዎች ሐሳቡን ለማስረዳት የታሰቡ እንጂ የማንንም ሰው ወይም ተቋም ውጤት አያመለክቱም።

1. ወላጁ የሚያስታውሰው ፈተናና ልጁ የሚፈተነው ፈተና

ወላጆች የልጆቻቸውን ውጤት የሚመዝኑት በአብዛኛው ራሳቸው በተፈተኑበት ሚዛን ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የቆየው የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ውጤቱን በፊደል ይሰጥ ነበር። «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» እየተባለ ይመዘንና ከፍተኛው አማካይ 4 ነጥብ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ባስከተለው መዋቅር መሠረት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናና የ12ኛ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ተተኩ። የ10ኛ ክፍል ፈተና እስከ 2011 ዓ.ም. ከተሰጠ በኋላ ቀርቷል።

በአሁኑ ጊዜ በአዲስ አበባ የሚማር ልጅ በሦስት እርከኖች ላይ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የተዘጋጀ ፈተና ይጠብቀዋል። በ6ኛና በ8ኛ ክፍል የሚሰጡት ፈተናዎች ከተማ አቀፍ ሲሆኑ ኃላፊነታቸው የከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ቢሮ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ አገር አቀፍ ሆኖ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይዘጋጃል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። እናት የ«ሲ»ን ትርጉም ታውቅ ይሆናል፤ ታላቅ ወንድም የ10ኛ ክፍልን ውጤት ያስታውስ ይሆናል፤ ታናሽየው ይዞት የመጣው 54 ግን ከሁለቱም ጋር አይገናኝም። ስለዚህ የመምህሩ የመጀመሪያ ሥራ «ይህ ፈተና እርስዎ የተፈተኑት አይደለም» ብሎ መነሣት ነው።

2. ጥሬ ነጥብ፣ መቶኛ፣ የመቶኛ ደረጃ

ጥሬ ነጥብ ማለት ተማሪው በትክክል የመለሳቸው ጥያቄዎች ቁጥር ነው። ጥሬ ነጥብ ከስንት እንደሆነ ሳይነገር ትርጉም የለውም። ለዚህ የቅርብ ምሳሌ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በዚያ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ድምር የተሰላው ከ700 ሲሆን የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ግን ከ600 ነበር። የግማሽ ውጤት መስመርም ለአንደኛው 350፣ ለሁለተኛው 300 ሆነ። ስለሆነም 320 ያመጡ ሁለት ልጆች በአንድ ቤት ቢኖሩ አንዱ መስመሩን አልፏል፣ ሌላው አላለፈም ማለት ነው። ቁጥሩን ብቻ የሰማ ጎረቤት ይህን ሊያውቅ አይችልም።

መቶኛ ጥሬውን ነጥብ ከመቶ ወደሚሰላ ቁጥር የሚለውጥ ነው። የመቶኛ ደረጃ (ፐርሰንታይል) ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ሲሆን፣ ከተፈታኞች ውስጥ ከመቶው ስንቱ ከልጁ በታች እንዳመጡ ያመለክታል። ለምሳሌ 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አንዲት ልጅ በሒሳብ 62 ከመቶ አመጣች እንበል። 40ዎቹ ከእርሷ ያነሰ ካመጡ የመቶኛ ደረጃዋ 80 ነው። ከእርሷ ያነሱት 10 ብቻ ከሆኑ ደግሞ የመቶኛ ደረጃዋ 20 ይሆናል። 62ቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዙሪያዋ ያሉት ልጆች ውጤት ነው።

በየትምህርት ቤቱ የውጤት መግለጫ ካርድ ላይ የሚሰፍረው «1ኛ»፣ «7ኛ»፣ «32ኛ» የሚለው ደረጃም በጠባዩ ከመቶኛ ደረጃ ጋር ይመሳሰላል። ልጁ ምን እንደሚያውቅ አይናገርም፤ የሚናገረው በዚያ ክፍል ውስጥ ከማን ቀጥሎ እንደቆመ ብቻ ነው። በደካማ ክፍል ውስጥ 1ኛ የወጣ ልጅ ከተማ አቀፍ ፈተና ላይ ሲደርስ መካከለኛ ውጤት ቢያመጣ ወላጁ «ተበደለ» ወይም «ሰነፈ» ሊል ይችላል። ሆኖም ልጁ ባለበት ነው፤ የሰፋው የሚነጻጸርበት ሜዳ ነው።

አማካይ ውጤትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ሁለት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንውሰድ። የመጀመሪያዋ በአማርኛ 80፣ በማኅበራዊ ጥናት 72፣ በእንግሊዝኛ 58፣ በአጠቃላይ ሳይንስ 56፣ በሒሳብ 34 አገኘች። ሁለተኛው በአማርኛ 62፣ በአጠቃላይ ሳይንስ 61፣ በእንግሊዝኛ 60፣ በማኅበራዊ ጥናት 59፣ በሒሳብ 58 አመጣ። የሁለቱም ድምር 300፣ አማካያቸውም 60 ነው። አማካዩን ብቻ ያየ ወላጅ ሁለቱን እኩል ናቸው ይላል። የመጀመሪያዋ ግን በሒሳብ ዛሬውኑ ካልተደገፈች 9ኛ ክፍል ላይ ከሒሳብ አልፎ በፊዚክስም የሚያሰናክላት ክፍተት አለባት። ሁለተኛው ልጅ የሚያስፈልገው በሁሉም ረገድ ያልተጣደፈ መሻሻል ነው። ውጤት በየትምህርት ዓይነቱ መነበብ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

3. የግምት ድርሻ

አገር አቀፍም ሆነ ክልላዊ ፈተናዎች በአብዛኛው የሚዘጋጁት በምርጫ ጥያቄ ነው። አራት አማራጭ ያለው ጥያቄ ምንም ለማያውቅ ተፈታኝ ከአራት አንድ ዕድል ይሰጠዋል። 60 ጥያቄዎች ያሉትን ፈተና ሳያነብ በዘፈቀደ የሚያጠቁር ተማሪ በአማካይ 15 ጥያቄ ያገኛል፤ ይህም 25 ከመቶ ነው። እንዲህ ካደረጉ 10 ተማሪዎች ውስጥ 7ቱ ያህል ከ12 እስከ 18 ጥያቄ፣ ማለትም ከ20 እስከ 30 ከመቶ ያመጣሉ።

በመሆኑም የምርጫ ፈተና መነሻው ዜሮ አይደለም፤ 25 አካባቢ ነው። 28 ያመጣ ልጅ «ሩብ ያህል ያውቃል» ማለት አይቻልም። ውጤቱ ምንም ካለማወቅ ሊለይ የማይችል ነውና። በዓመቱ መጨረሻ ከ22 ወደ 29 «ተሻሻለ» የተባለ ልጅም በእርግጥ መሻሻሉ በዚህ ብቻ አይረጋገጥም።

ነገሩን ወደ ላይም እንከተለው። አንድ ተማሪ ከ60ው ጥያቄ የ20ውን መልስ በሚገባ ያውቃል፣ የቀሩትን 40 ደግሞ በግምት ይሞላል እንበል። ከግምቱ በአማካይ 10 ያገኛል። ድምሩ 30፣ ማለትም 50 ከመቶ ይሆናል። እንግዲህ «ግማሹን አመጣ» የምንለው ልጅ በትክክል የሚያውቀው ከትምህርቱ ሢሶውን ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ስሌት እውነተኛውን ተፈታኝ በጣም አቅልሎ የሚያይ ነው። ልጆች አንዳንዱን አማራጭ ለይተው ስለሚጥሉ ግምታቸው ሁልጊዜ ጭፍን አይደለም። የሐሳቡ አቅጣጫ ግን ትክክል ነው። 50ን እንደ ከፍታ መቁጠር እንደማይገባ ያሳየናል።

4. የመለኪያ ስሕተት

ማንኛውም መለኪያ ስሕተት አለው። ልጁ በፈተናው ዕለት ታምሞ ሊሆን ይችላል፤ ያጠናው ምዕራፍ በብዛት ሊመጣለት ወይም ፈጽሞ ሊቀርበት ይችላል። ተመሳሳይ ክብደት ባለው ሌላ ፈተና በማግሥቱ ቢፈተን ያንኑ ነጥብ በትክክል አይደግምም። የምዘና ባለሙያዎች ይህን መዋዠቅ ከፈተናው አስተማማኝነት ተነሥተው ያሰሉታል። ለአብነት ያህል የተፈታኞች ውጤት ሥርጭት መደበኛ ልይይት 12፣ የፈተናው አስተማማኝነት 0.84 ቢሆን የመለኪያው ስሕተት መጠን 5 ነጥብ ያህል (4.8) ይሆናል። የ0.84 አስተማማኝነት ደካማ ፈተናን የሚያመለክት አይደለም፤ ለብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያኰራ ነው።

ስለዚህ 52 ያገኘች ልጅ እውነተኛ ችሎታዋ ከ47 እስከ 57 ባለው ክልል ውስጥ ሊሆን እንደሚችል መታሰብ አለበት። 48 ያገኘው ወንድሟ ደግሞ ከ43 እስከ 53 ባለው ውስጥ ነው። ሁለቱ ክልሎች ይደራረባሉ። በአስተዳደር ረገድ አንዷ አልፋለች፣ ሌላው ወድቋል። መስመር የግድ አንድ ቦታ መሰመር ስላለበት ይህ ሊቀር አይችልም። በትምህርት ረገድ ግን በሁለቱ መካከል ጐልቶ የሚታይ ልዩነት አለ ለማለት አያስደፍርም። በቤት ውስጥ እህትን ለማሞገስ፣ ወንድምን ለማሳፈር የሚበቃ ማስረጃ የለም።

ይሁን እንጂ ይህ ሐሳብ ለማስተባበያነት እንዳይውል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ2 ወይም የ4 ነጥብ ልዩነት በስሕተት ሊመጣ ይችላል። የ30 ነጥብ ልዩነት ግን በስሕተት አይመጣም።

5. በሁለት ቁና የተሰፈረ እህል

በሀና ማርያም አካባቢ ለሚኖር ወላጅ ከሁሉ የሚያስቸግረው ንጽጽር ከድንበር ማዶ ካለው ጎረቤት ጋር የሚደረገው ነው። ከሀና ማርያም በስተ ደቡብ ያለው ፉሪ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ክፍለ ከተማ ሆኖ ተደራጅቷል። ሸገር በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው። የሁለቱ አካባቢ ነዋሪዎች በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ በአንድ ታክሲ ይጓዛሉ፣ በዕድርና በዝምድና ይተሳሰራሉ። ልጆቻቸው ግን በ8ኛ ክፍል የሚፈተኑት የተለያየ ፈተና ነው፤ የአንዱ በአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ፣ የሌላው በኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ሥር የተዘጋጀ ነው።

አንድ ቤተሰብ ከፉሪ ወደ ሀና ማርያም፣ ወይም ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ በኪራይ ምክንያት ቢዘዋወር ታላቅየው በአንደኛው፣ ታናሽየው በሌላኛው ሥርዓት ሊፈተኑ ይችላሉ። ታላቅየው 71፣ ታናሽየው 63 ቢያመጡ «ታናሹ ደከመ» ለማለት ምንም መሠረት የለም። ጥያቄዎቹ አንድ አይደሉም፤ የጥያቄዎቹ ክብደት አንድ አይደለም፤ የመማሪያው ቋንቋም ሊለያይ ይችላል። ነገሩ እህል በሁለት ቁና ሰፍሮ የትኛው ጎተራ ይበልጣል እንደማለት ነው። አንደኛው ቁና ትልቅ፣ ሌላኛው ትንሽ ሊሆን ስለሚችል የተሰፈረው ብዛት ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ሁለቱ ልጆች በአንድ ቁና የሚሰፈሩት 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ነው። ከ8ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት አራት ዓመታት ግን ረጅም ናቸው፤ ወላጅ እስከዚያ ድረስ በጭፍን መጠበቅ የለበትም። ስለዚህ ተማሪ ከሌላ ክልል ተዛውሮ ሲመጣ የሚቀበለው ትምህርት ቤት የቀደመውን ውጤት እንዳለ ከመውሰድ ይልቅ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ አጭር የመለያ ምዘና ቢሰጥ ለልጁም ለመምህሩም ይጠቅማል። ይህ ዓይነቱ ምዘና ማርክ የሚያዝበት መሆን የለበትም። ዓላማው ትምህርቱን ከየት መጀመር እንደሚገባ ማወቅ ብቻ ነው።

6. አንዱን ዓመት ከሌላው ጋር ማነጻጸር

በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና ለመስጠት ተገድዶ እንደነበረ ይታወሳል። ኩረጃና የፈተና ስርቆት የውጤትን ትርጉም ስላጠፉት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ።

የ2014 ዓ.ም. ውጤት ሲገለጽ ውጤታቸው ከተያዘላቸው 896,520 ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 ከመቶ ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ ከ339,642 ተፈታኞች 22,936፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ከ556,878 ተፈታኞች 6,973 መስመሩን አልፈዋል። በ2015 ዓ.ም. ያለፉት 27,267 (3.2 ከመቶ)፣ በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 (5.4 ከመቶ)፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 (8.4 ከመቶ) ሆነዋል።

ከእነዚህ አኃዞች ምን መረዳት ይቻላል? አንደኛ፣ ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ራሱ ከ29,909 ወደ 48,929 ከፍ ብሏል። ሁለተኛ፣ በዚያው ጊዜ ውስጥ የተፈታኞች ቁጥር ከሢሶ በላይ ቀንሷል። በ2017 ዓ.ም. ያለፉትን 48,929 ተማሪዎች ለ2014ቱ 896,520 ብናካፍላቸው ውጤቱ 8.4 ሳይሆን 5.5 ከመቶ ይሆናል። ስለዚህ ከታየው ዕድገት ከፊሉ የአካፋዩ ማነስ ያመጣው ነው። ሦስተኛ፣ የየዓመቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸውና የፈተናዎቹ ክብደት መመጣጠኑ ካልተረጋገጠ የቀረውንም ዕድገት በሙሉ ለትምህርት ጥራት መስጠት አይቻልም። ፈተናዎችን ለማመጣጠን ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ በየዓመቱ በምስጢር ተጠብቀው የሚደጋገሙ ጥቂት የጋራ ጥያቄዎችን ማስገባት ነው። ልጆቹ በጋራ ጥያቄዎቹ ላይ ከቀደሙት የተሻለ ከሠሩ መሻሻል አለ ማለት ይቻላል።

አዝማሚያን ለማወቅ የበለጠ የሚረዳው አገር አቀፍ የትምህርት ቅበላ ጥናት ነው። ጥናቱ በናሙና የሚካሄድ በመሆኑ ለአንድ ልጅ ወይም ለአንድ ወላጅ ውጤት አይሰጥም፤ ሥርዓቱን እንጂ ተማሪውን አይመዝንም። በ1992፣ በ1996 እና በ2000 ዓ.ም. በተካሄዱት ሦስት ጥናቶች የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት በቅደም ተከተል 47.9፣ 48.5 እና 40.9 ከመቶ፤ የ8ኛ ክፍል 41.1፣ 39.7 እና 35.6 ከመቶ ነበር። እነዚያ ዓመታት ቀድሞ ከትምህርት ገበታ ርቀው የነበሩ በርካታ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት የገቡባቸው ነበሩ። አማካዩ መውረዱ ብቻውን አንድ ልጅ ከቀድሞው ያነሰ ተምሯል አያሰኝም፤ ቀድሞ ፈተናው ያልደረሳቸው ልጆችም ተቆጥረዋልና። ይሁንና አብዛኛው ተማሪ ከግማሽ በታች መሆኑ በየትኛውም አነባበብ የማይሸፈን ጉዳይ ነው። እንዲሁም በ2002 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች ንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። በ12ኛ ክፍል የሚታየው ውጤት ሥሩ የት እንደሆነ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

7. ትምህርት ቤትን በውጤት መመዘን

ወላጆች ትምህርት ቤት የሚመርጡት በአብዛኛው «ስንቱን አሳለፈ?» በሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሦስት ነገሮች አብረው መታየት አለባቸው።

ሀ) የተፈታኞች ብዛት፦ 20 ተማሪዎች ባስፈተነ ትምህርት ቤት የአንድ ልጅ ማለፍ ወይም መውደቅ የማለፊያውን መጠን በ5 ነጥብ ይለውጠዋል። 400 ባስፈተነው ላይ ግን በሩብ ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ዓመት ከላይ፣ በሌላው ዓመት ከታች ሆነው ቢታዩ አያስገርምም። ቢያንስ የሦስት ዓመት ውጤት ጐን ለጐን ማየት ያስፈልጋል።

ለ) የገቢዎቹ ደረጃ፦ በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት 70 ከመቶ የሚያመጡ ልጆችን ተቀብሎ በ74 ሊሸኛቸው ይችላል። በሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ትምህርት ቤት ደግሞ በ42 ተቀብሎ በ55 ይሸኛል እንበል። መለኪያው አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ የበለጠ ያስተማረው ሁለተኛው ነው። በመግለጫ ላይ የሚደነቀው ግን የመጀመሪያው ነው።

ሐ) ለፈተና ያልቀረቡት፦ ከ9ኛ ክፍል ጀምረው ስንቶቹ 12ኛ ክፍል ደረሱ? ደካማ የተባሉትን በየመንገዱ ያሰናበተ ትምህርት ቤት «መቶ በመቶ አሳለፍሁ» ቢል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን እውነቱ ሙሉ አይደለም።

በሌላ በኩል እነዚህ ማብራሪያዎች ደካማ ትምህርት ቤትን ለመከላከል መዋል የለባቸውም። በ2014 ዓ.ም. ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ3,106 ውስጥ 1,328ቱ እንዲሁ ሆኑ። የዚህን ያህል ስፋት ያለውን ችግር የመለኪያ ስሕተት ወይም የተማሪዎች መነሻ ብቻ ሊያስረዳው አይችልም። ወላጅ በዚህ ጊዜ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱም መልስ መስጠት ግዴታው ነው።

8. መምህሩ ለወላጅ እንዴት ያስረዳ?

በሀና ማርያም ከሚገኙት ወላጆች መካከል የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር በቅርቡ የመጣ አለ። አንዳንዱ ማንበብ አይችልም፤ አንዳንዱ ከአማርኛ ይልቅ በአፋን ኦሮሞ ወይም በጉራግኛ ቢነገረው ይቀለዋል። ስለዚህ ማብራሪያው በወረቀት ብቻ ተልኮ የሚበቃ አይደለም፤ በቃል መነገር አለበት።

«ልጅዎ 41 አምጥቷል፤ ደካማ ነው» የሚል አነጋገር ለወላጅ የሚሰጠው ኀፍረት ብቻ ነው። ከዚህ ይልቅ መምህሩ እንዲህ ቢል ይመረጣል፦ «ልጅዎ በንባብ ችግር የለበትም። በሒሳብ የክፍልፋይና የመቶኛ ጥያቄዎችን አልመለሰም፤ እነዚህ ደግሞ ባለፈው ዓመት የተማራቸው ናቸው። እኛ በሳምንት ሁለት ቀን የማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጠዋለን። እርስዎ ደግሞ በእነዚያ ቀናት እንዳይቀር ይርዱን። ከሁለት ወር በኋላ መጥተው ይጠይቁኝ።» በዚህ አነጋገር ውስጥ ልጁ የቻለው፣ ያልቻለው፣ ትምህርት ቤቱ የሚያደርገው፣ ከቤት የሚጠበቀውና የሚገናኙበት ጊዜ ተለይተው ተነግረዋል። ወላጁ ፊደል ባይቈጥርም ሊያስታውሰው የሚችል ነው።

ወላጆችም በበኩላቸው የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያቀርቡ ውይይቱ ፍሬ ይኖረዋል፦
— ውጤቱ ከስንት ነው? አማራጭ ያለው የምርጫ ጥያቄ ነበር ወይስ የጽሕፈት?
— በየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ምዕራፍ ነው የደከመው?
— በክፍል የሚሰጠው ማርክና የከተማው ፈተና ውጤት የሚራራቁት ለምንድን ነው?
— ካለፈው ዓመት የራሱ ውጤት ጋር ሲተያይ እንዴት ነው?
— ትምህርት ቤቱ ምን ለማድረግ አስቧል?

ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛው ጥያቄ ለመምህራን የሚከብድ ነው። በክፍል ውስጥ 85 ሲሰጠው የኖረ ልጅ በከተማ አቀፍ ፈተና 45 ካመጣ አንዱ ሚዛን ተዛብቷል ማለት ነው። ያልተገባ ማርክ መስጠት ለጊዜው ወላጅን ያስደስታል። ውሎ አድሮ ግን ልጁ መደገፍ በሚቻልበት ዕድሜ ላይ ድጋፍ እንዳያገኝ ያደርጋል። ቅሬታ ያለው ወላጅ ካለም ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ቀኑን አስቀድሞ ሊያሳውቀው ይገባል።

9. ለዕቅድ ባለሙያዎች

ከላይ የተዘረዘሩትን ችግሮች መምህራን ብቻቸውን ሊፈቱ አይችሉም። የውጤት መግለጫዎች በሚዘጋጁበት ጊዜ ሦስት ማሻሻያዎች ቢደረጉ ብዙ ጥቅም ያስገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ለየትምህርት ቤቱ የማለፊያ መጠን ከመላክ አልፎ በየምዕራፉ የተገኘውን ውጤት መላክ ነው። «በሒሳብ አማካይ 38» የሚለው መምህሩን አይረዳውም፤ «በስፍር ጥያቄዎች ከአምስት ልጆች አንዱ ብቻ መለሰ» የሚለው ግን ነገ ጧት ምን እንደሚያስተምር ይነግረዋል። ሁለተኛው፣ በክልሎችና በዓመታት መካከል ማነጻጸር እንዲቻል የጋራ ጥያቄዎችን ቀስ በቀስ ማስገባት ነው። ሦስተኛው፣ ከማለፊያ መጠን ጐን የተፈታኞችን ብዛትና የትምህርት ቤቱን የሦስት ዓመት ውጤት አብሮ ማስፈር ነው። ይህ የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው፤ የሚያስቀረው የተሳሳተ ውሳኔ ግን ብዙ ነው።

ማጠቃለያ

የፈተና ውጤት ስለ ልጁ የምናውቀው አንድ ነገር እንጂ ልጁ ራሱ አይደለም። ከስንት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተነጻጸረ፣ ምን ያህሉ በግምት እንደተገኘ፣ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል ሳይታወቅ የተነበበ አኃዝ ወላጅን ያሳስታል። በአንጻሩ እነዚህ ነገሮች ታውቀው የተነበበ አኃዝ፣ ዝቅተኛም ቢሆን፣ ልጁ ከየት መደገፍ እንዳለበት ያሳያል።

በሀና ማርያምም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ያለ ወላጅ የስሌት ባለሙያ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ውጤቱን በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳው መምህር ግን ሊያገኝ ይገባዋል። 48 ያመጣን ልጅ ከትምህርት ገበታ ለማስቀረትም ሆነ ለማቆየት ከሚደረገው ውሳኔ በፊት በወላጁና በመምህሩ መካከል የግማሽ ሰዓት ውይይት ቢደረግ የልጁ የወደፊት ኑሮ በአንዲት አኃዝ ብቻ ከመወሰን ይድናል።